አቤት ማለት አለማመን አይደለም

በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ይሁኑ የካቶሊክ ወይም የወንጌላውያን ወገን፣ ስለ መከራ የሚነገር አንድ የጋራ አስተሳሰብ ሥር ሰድዷል፤ ይኸውም በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው መከራ ሲደርስበት አያለቅስም፣ አይጠይቅም፣ አያማርርም የሚል ነው። በዚህ አስተሳሰብ የእምነት ጥንካሬ የሚለካው በዝምታ ስለሆነ፣ ልጁን ቀብሮ የተመለሰ አባት ከንፈሩን ነክሶ «ተመስገን» ካለ ብርቱ አማኝ ይባላል፤ «ጌታ ሆይ፣ ለምን?» ካለ ግን በዙሪያው ያሉት ደንግጠው «እግዚአብሔርን አታሳዝን፣ ለበጎ ነው» እያሉ ቃሉን ካፉ ይነጥቁታል። የሚናገሩት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ ሐዘንተኛውን የሚያጽናኑ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ አስተሳሰቡ ከመጽሐፍ ቅዱስ ምስክርነት፣ ከቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥርዓት፣ ይልቁንም ከአማርኛ የጸሎት ቋንቋ ከራሱ ጋር የሚጋጭ ነው። ለእግዚአብሔር የቀረበ አቤቱታ የእምነት ጉድለት ሳይሆን፣ እምነት በመከራ ጊዜ የሚናገርበት የራሱ ቋንቋ ነው።

የክርክሩ መነሻ ከቃሉ ቢጀመር ይሻላል። አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ሲጸልይ አምላኩን «አቤቱ» ብሎ ይጠራል፤ በአማርኛው መዝሙረ ዳዊት ከዚህ ጥሪ የሚበዛ ጥሪ ማግኘት ያስቸግራል። የዚህ ቃል የቅርብ ዘመዶች ደግሞ በፍርድ አደባባይ የሚነገሩት «አቤት» እና «አቤቱታ» ናቸው። ድሮ መሬቱ የተነጠቀ ገበሬ ወይም ወንድሙ የተገደለበት ሰው በዳኛ፣ በመኳንንት፣ ሲብስም በንጉሥ ፊት ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮኽ ነበር፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ በደል የደረሰበት ሰው የሚያስገባው ጽሑፍ ስሙ የአቤቱታ ማመልከቻ ነው። የዚህ ጩኸት ትርጉም ግልጽ ነው፤ አቤት የሚል ሰው ዳኛ መኖሩን፣ ዳኛው ጆሮ እንዳለው፣ ከሰማም የመፍረድ ሥልጣን እንዳለው ያምናል። ዳኛ የለም ብሎ የቆረጠ ሰው አቤት አይልም፤ ወይ በቀሉን በእጁ ይወስዳል፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እንግዲህ የጸሎት ቋንቋው ከችሎት ቋንቋ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነለት ሕዝብ፣ በአምላኩ ፊት አቤት ማለትን እንደ ክሕደት ሲቆጥር የራሱን አፍ ትርጉም ዘንግቷል ማለት ነው።

ይህ ዝምታን የሚያነግሥ አስተሳሰብ በሁለት መልክ ይታያል፣ ሁለቱን ለይቶ ማየትም ይገባል። የመጀመሪያውና የቆየው የመገዛት መልክ ነው፤ የደረሰው ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ስለሆነ ሰው አፉን ይዞ መቀበል አለበት ይላል። ሁለተኛውና አዲሱ የአዋጅ መልክ ነው፤ የአማኝ ቃል የመፍጠር ኃይል ስላለው፣ «ታምሜአለሁ»፣ «ተቸግሬአለሁ» ብሎ መናገር በሽታንና ድህነትን መጋበዝ ነው፣ ይልቁንስ ፈውስንና ብልጽግናን ማወጅ ያስፈልጋል ይላል። ይህ ሁለተኛው ትምህርት የብልጽግና ወንጌል ወይም የእምነት ቃል ትምህርት በመባል የሚታወቅ ሲሆን፣ ሐሳቡ በአሜሪካ ኤሴክ ዊልያም ኬንየን ከተባለ ሰባኪ (1867–1948 እ.ኤ.አ.) ጽሑፎች ተነሥቶ በኬኔት ሄገን (1917–2003 እ.ኤ.አ.) አማካይነት የተስፋፋና ከዚያ በቴሌቪዥንና በመጻሕፍት ወደ አፍሪካ የተሻገረ ነው። ሁለቱ መልኮች ላይ ላዩን ተቃራኒ ይመስላሉ፤ አንዱ መከራን ተቀበል፣ ሌላው መከራን ካድ ይላልና። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ሁለቱም ሐዘንተኛው ሐዘኑን በእግዚአብሔር ፊት በስሙ እንዳይጠራው ይከለክሉታል።

ለመጀመሪያው መልክ ዋና ምስክር ሆኖ የሚጠራው ኢዮብ ነው። ሐዘን በደረሰበት ቤት «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» ማለት የተለመደ ምርቃት ሲሆን፣ ኢዮብ በዚህ አነጋገር ሁሉን አጥቶ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ ሰው ሆኖ ይታሰባል። ነገር ግን መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፎች አሉት፣ ዝምተኛው ኢዮብም የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነው። ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ እግዚአብሔር እንደ ጠላት እንዳየው ይናገራል፣ በፊቱ ቆሞ ለመከራከርም ችሎት ይለምናል። በአንጻሩ እግዚአብሔር ፍርዱ ትክክል ነው፣ ያለ ኃጢአት መከራ አይመጣም፣ ንስሓ ግባና ዝም በል እያሉ ሃይማኖታዊ የሚመስል ቃል ያበዙት ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ናቸው። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር ሲፈርድ ግን ቁጣው የነደደው በወዳጆቹ ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ባሪያው ኢዮብ እንደሆነ መስክሮ፣ ወዳጆቹ ይቅር የሚባሉት ኢዮብ ሲጸልይላቸው ብቻ እንደሆነ አዘዘ። እርግጥ ኢዮብም ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ ተገሥጿል፣ የማያውቀውን እንደተናገረም አምኖ ተመልሷል። ተግሣጹ ግን አምላኩን ፊት ለፊት ካገኘ በኋላ የመጣ ነው፤ ያገኘውም ስለጮኸ ነው። ወዳጆቹ በበኩላቸው ስለ እግዚአብሔር ብዙ ሲናገሩ፣ በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ጊዜ ለእግዚአብሔር ሲናገሩ አይታዩም።

የያዕቆብ መልእክት የኢዮብን ትዕግሥት ማመስገኑ ይህን አያፈርሰውም። በዚያ ቦታ ያለው የግሪክ ቃል «ሁፖሞኔ» ሲሆን፣ ፍቺው ከሸክም በታች ሳይሸሹ መቆየት ማለት ነው፤ ወደ አማርኛው «ጽናት» ይበልጥ ይቀርባል። ኢዮብ የጸናው ባለመናገሩ አይደለም። የጸናው ሚስቱ አምላክን ረግሞ እንዲሞት ስትመክረው እምቢ ብሎ፣ ወዳጆቹ በሐሰት ራሱን እንዲከስ ሲገፋፉት እምቢ ብሎ፣ ጉዳዩን ከእግዚአብሔር ችሎት ሳያወጣ በመቆየቱ ነው።

ዝምታን የሚያስተምሩ ወገኖች ከዚህ የበረታ ሌላ ማስረጃ አላቸው፤ እርሱም የእስራኤል ማጉረምረም ነው። በምድረ በዳ ያጉረመረመው ትውልድ መቀጣቱ በኦሪት ተጽፏል፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ይህንኑ ማስጠንቀቂያ አድርጎ አቅርቦታል። ማስረጃው ቀላል አይደለም፣ መልሱም ከዚያው ከኦሪት መምጣት አለበት። በኦሪት ዘኍልቍ በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ሁለት ምሬቶች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ሕዝቡ የግብፅን ዓሣና ዱባ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እያሰበ ያለቅሳል፤ ሙሴ ደግሞ ይህን ሕዝብ የፀነስሁት እኔ ነኝን በሚል መንፈስ ለእግዚአብሔር ያማርራል፣ እንዲህስ ከሚሆን ቢገድለው እንደሚሻለው ይናገራል። በቃሉ መራራነት ሲመዘን የሙሴ ይብሳል፤ ሞትን እስከመለመን ደርሷልና። ሆኖም በሕዝቡ ላይ መቅሠፍት ሲወርድ፣ ለሙሴ ግን ሸክሙን የሚያግዙት ሰባ ሽማግሌዎች ተሰጡት። ልዩነቱን ዘዳግም ያብራራዋል፤ በዚያ መጽሐፍ መጀመሪያ ሕዝቡ ወደ ከነዓን መግባትን እምቢ ባለ ጊዜ የተወቀሰው በየድንኳኑ ውስጥ በማጉረምረሙ፣ እግዚአብሔርም ስለ ጠላው ከግብፅ እንዳወጣው በመናገሩ ነው። ማጉረምረም ዳኛውን በሌለበት ማማት ነው፤ አቤቱታ ዳኛው ፊት መቅረብ ነው። የመጀመሪያው ግንኙነትን ይበጥሳል፣ ሁለተኛው ግንኙነት እንዳይበጠስ የሚደረግ የመጨረሻ ትግል ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስም «ምሬት» ብሎ መጥራትና አንድ ላይ ማውገዝ፣ ሙሴን ከዐመፀኞቹ ጋር መቅጣት ይሆናል።

የመዝሙረ ዳዊት አሠራር ይህን ልዩነት ሥርዓት አድርጎ ያስተምራል። ጀርመናዊው የብሉይ ኪዳን ሊቅ ኸርማን ጉንከል (1862–1932 እ.ኤ.አ.) መዝሙራትን በዓይነታቸው ሲከፍል፣ ከሁሉ የበዛው ወገን የልቅሶና የአቤቱታ መዝሙር ሆኖ አግኝቶታል፤ በተለመደው ቆጠራ ከ150ዎቹ ውስጥ ሲሶ ያህሉ የዚህ ዓይነት ናቸው። አንድ የአቤቱታ መዝሙር አብዛኛውን ጊዜ አምላክን በመጥራት ይጀምራል፣ በደልን ወይም ሕመምን ይዘረዝራል፣ እርዳታ ይለምናል፣ የቀደመውን የእግዚአብሔር ሥራ አስታውሶ መታመኑን ይገልጻል፣ በምስጋና ስእለትም ይዘጋል። ምስጋናው የሚመጣው አቤቱታው ከተነገረ በኋላ ነው። ዝምታን የሚያስተምረው ወገን የመጨረሻዋን መስመር ቆርጦ ወስዶ ሐዘንተኛው ከእርሷ እንዲጀምር ያስገድደዋል፣ መንገዱን ግን ይነፍገዋል። በዕብራይስጡ አቆጣጠር 88ኛው፣ በግእዙ 87ኛው መዝሙር ደግሞ ያችም መስመር የላትም፤ ወዳጅና ዘመድ በመራቁና በጨለማ ያበቃል። እንዲህ ያለው መዝሙር በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ሳይታረም መቀመጡ፣ ገና ብርሃን ያላየ ሰው ጸሎትም ጸሎት መሆኑን ያረጋግጣል። ጠዋት ጠዋት ዳዊት የሚደግም ሽማግሌ፣ በዕለቱ ደስተኛ ቢሆንም ባይሆንም፣ የአቤቱታውን መዝሙር ዘሎ አያልፍም፤ የራሱ ሐዘን ባይኖረው የሌላውን ሐዘን በአፉ ይሸከማል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ልቅሶን ከቅድስና ውጭ አላደረገም። ዛሬ በአማርኛ ለግፍ ስቃይ የሚነገረው «ሰቆቃ» በግእዝ ትርጉሙ ልቅሶ፣ የሐዘን እንጉርጉሮ ነው፤ ሰቆቃወ ኤርምያስ በዚህ ስም የተጠራ መጽሐፍ ሲሆን፣ በ6ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባቢሎናውያን ስላጠፏት ኢየሩሳሌም የተለቀሰ ልቅሶ ነው። ከአምስቱ ምዕራፎቹ አራቱ በዕብራይስጡ 22 ፊደላት ተራ የተደረደሩ መሆናቸው፣ ልቅሶ ፊደል ተቆጥሮለት፣ ተጠንቶ፣ በጉባኤ ሊቀርብ የሚገባው አምልኮ እንደነበር ያሳያል። በወርኃ ጽጌ፣ ምድር በአደይ አበባ በተሸፈነችበት ወራት፣ ሊቃውንቱ ከማኅሌተ ጽጌ ጋር ሰቆቃወ ድንግልን ያደርሳሉ፤ ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ የተሰደደች እናት እንባ ከአበባው ምስጋና ጋር በአንድ ሌሊት ይዜማል፣ አንዱ በሌላው አያፍርም። በሰሙነ ሕማማት ከበሮና ጸናጽል ተቀምጠው፣ ሕዝቡ እየሰገደ «ኪርያላይሶን» ይላል፤ ይህም ቃል በግሪክ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። ድርቅ፣ ወረርሽኝ ወይም ጦርነት ሲመጣ ምሕላ ይታወጃል፣ ምሕላ ደግሞ ሕዝብ በአንድነት የሚያቀርበው አቤቱታ ነው። በቤተ መቅደሱ «እግዚኦ» ብሎ የጮኸ ምእመን ወደ ጎረቤቱ ሐዘን ሲሄድ «አታልቅሺ» ካለ፣ ከቅዳሴው የተማረውን በደጃፉ ጥሎ ወጥቷል።

ዝምታን የሚደግፉ ከሐዲስ ኪዳን የሚጠቅሱት ሁልጊዜ ደስ መሰኘትን የሚያዝዘውን የፊልጵስዩስ መልእክት ነው። መልእክቱ የታሰረ ሰው የጻፈው የደስታ መልእክት መሆኑ እውነት ነው። ያው ጸሐፊ ግን በዚያው መልእክት አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት በቀረበ ጊዜ ቢሞትበት ኖሮ በሐዘን ላይ ሐዘን ይጨመርበት እንደነበር ይናገራል፤ ስለ መስቀል ጠላቶችም የሚጽፈው እያለቀሰ ነው። ከደስታው ትእዛዝ ቀጥሎ የሚመጣውም ልመናን ሁሉ በጸሎት ለእግዚአብሔር ማስታወቅ ነው፤ የተከለከለው ጭንቀትን ይዞ መቀመጥ ሲሆን የተሰጠው መድኃኒት ነገሩን ማቅረብ ነው። ለተሰሎንቄ ሰዎችም ጳውሎስ እንዳያዝኑ አልከለከላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ነው የጻፈላቸው።

የአዋጁ ትምህርት ደግሞ በዚያው በጳውሎስ ሕይወት ይፈርሳል። ጳውሎስ በብዙዎች ላይ ፈውስን ያደረገ ሐዋርያ ሆኖ ሳለ፣ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን በሚሊጢን ታሞ እንደተወው ይጽፋል፤ ጥሮፊሞስ እምነት ስለጎደለው ታመመ አይልም። በእስያ ስለደረሰባቸው መከራ ሲጽፍም ለሕይወታቸው እንኳ ተስፋ እስከመቁረጥ እንደከበዳቸው ለቆሮንቶስ ሰዎች አልደበቀም። ለዕብራውያን በተጻፈው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ በእምነት መንግሥታትን ድል የነሡና የአንበሶችን አፍ የዘጉ ከተቆጠሩ በኋላ፣ በዚያው እምነት የተደበደቡ፣ በመጋዝ የተሰነጠቁና በዋሻ የተንከራተቱ ይቆጠራሉ፤ ለሁለቱም ወገን የተሰጠው ምስክርነት አንድ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክም የዚህ ምዕራፍ ተከታይ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ወደቁ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተወስደው በደርግ ዘመን ተገደሉ። የእምነት ፍሬ ከመከራ ማምለጥ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ያላመኑ ሊባሉ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ያሉትን ሰማዕት ትላቸዋለች፣ ሰማዕት ማለትም ምስክር ማለት ነው።

አስተሳሰቡ በመጽሐፍ ስሕተት ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልከበደ ነበር። ጉዳቱ በሰው ሕይወት ላይ ይታያል። ልቅሶ የተከለከለ ሐዘንተኛ ሐዘኑ አይለቀውም፤ ከሐዘኑ ላይ ኀፍረት ይጨመርበታል፣ «እምነቴ ደካማ ባይሆን እንዲህ ባልተሰማኝ» እያለ ከጉባኤው ይሸሻል። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የደረሰባትን በደል በስልክ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» በሚል ቃል ስትሸፍነው፣ ያደገችበት ትምህርት ምሬትን ኃጢአት አድርጎባት ከሆነ ረዳት ልታገኝ የምትችልበትን በር ራሷ ትዘጋዋለች። ከሁሉ የሚከፋው፣ በሰው እጅ የተፈጸመ ግፍ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ለበጎ ነው» ሲባል ገዳዩና ቀማኛው ከፍርድ መውጣታቸው ነው። ነቢያትና መዝሙራት ግፍን በስሙ ጠርተው ለእግዚአብሔር ያቀርባሉ፤ በአቤል ታሪክ እንኳ ከምድር የሚጮኸው የፈሰሰው ደም ነው፣ እግዚአብሔርም ያን ጩኸት ዝም አላሰኘውም። በሮሜ መልእክት እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ የተጻፈው ተስፋ የሚቀድመው ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንደሚቃትትና መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድ የሚናገር ቃል ነው። ከመቃተቱ ተነጥሎ የሚነገር «ለበጎ ነው» ጳውሎስ የጻፈው ተስፋ አይደለም።

እንግዲህ በመከራ ውስጥ ያለ ሰው ብርታትን ከየት ያገኛል? ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ እንደለመነና የለመነውን ሳይሆን ሌላ መልስ እንዳገኘ ይናገራል፤ መልሱም ጸጋው እንደሚበቃውና የክርስቶስ ኃይል በድካም ፍጹም እንደሚሆን ነው። ይህን መልስ ያገኘው ለምኖ ነው፤ ድካሙን ደብቆ «በርትቻለሁ» ቢል ኖሮ ኃይሉ የሚያርፍበት ቦታ ባልኖረ ነበር። የአማርኛ የሐዘን ባህልም ይህን ያውቃል። ሰው ሐዘንተኛን ለማጽናናት ሲሄድ «ለቅሶ ልደርስ ነው» ይላል፤ የሚደርሰውም ከልቅሶው እንጂ ልቅሶውን ሊያስቆም አይደለም። ሲሰናበትም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ሐዘንተኛው በራሱ ጽኑ እንዲሆን አያዝዝም፣ ጽናቱን ከሌላ ይለምንለታል። ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን የቤተ ክርስቲያን መምህራን መገሠጻቸው ተገቢ ነው፤ ከተስፋ የተቆረጠ ልቅሶን ገሠጹ እንጂ ልቅሶን ራሱን አላጠፉም። ሰባኪውም ሆነ ዘመዱ በሐዘን ቤት ሊያደርግ የሚገባው፣ የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት እንዳደረጉት አብሮ በዝምታ መቀመጥ፣ ከዚያም ሐዘንተኛው ቃል ሲያጣ ከአቤቱታ መዝሙራት አንዱን አብሮት መድገም ነው።

የዚህ ሁሉ ማረጋገጫ ክርስቶስ ራሱ ነው። በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ተናገረ፣ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፣ በመስቀልም ላይ የጮኸው ከአቤቱታ መዝሙራት አንዱን ነው። የዕብራውያን መልእክት በብርቱ ጩኸትና በእንባ እንደጸለየና እንደተሰማለት ይናገራል፤ ያ የተሰማለት ልጅ ግን ሞትን ቀመሰ፣ መሰማቱም በትንሣኤ ታየ። በአማርኛ «አቤት» የተበዳይ ጩኸት ብቻ አይደለም፤ በስሙ የተጠራ ልጅም ለአባቱ «አቤት» ብሎ ይመልሳል። ጽዋው እንዲያልፍ የለመነውና የአባቱ ፈቃድ እንዲሆን የተናገረው አንድ አፍ ነው፤ በዚያች ሌሊት የአቤቱታው አቤትና የመታዘዙ አቤት በአንድ ጸሎት ተገናኙ። ክርስቲያን በመከራው ጊዜ የመጀመሪያውን ከተከለከለ፣ ሁለተኛውን ከልቡ ሊመልስ አይችልም።